ጨዋታው የት ይግባ? በእጅ የተሣለ የአማርኛ የርዕስ ፎንት አሠራርና አጠቃቀም

(ድሬዳዋ ላይ ለታፔላ ጸሐፊዎች፣ ለኅትመት ቤት ባለሙያዎችና ለግራፊክስ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ)

እንኳን ደህና መጣችሁ። የምንነጋገርበትን ፊደል በየቀኑ ታዩታላችሁ። የጁስ ቤት ግድግዳ ላይ፣ የባጃጅ የኋላ መስታወት ላይ፣ የመዋዕለ ሕፃናት በር ላይ አለ፤ ወፈር ያለ፣ ዘንበል ቀና የሚል፣ በእጅ መሣሉን የማይደብቅ ፊደል ነው። ለረጅም ጊዜ ይህን የሚሠራው ታፔላ ጸሐፊው ብቻ ነበር። ብሩሹን ይዞ ግድግዳው ፊት ይቆማል፣ ቦታውን በዓይኑ ይለካል፣ ይጽፋል። ዛሬ ብዙው ሥራ በፍሌክስ ባነርና በስቲከር ስለሚወጣ ፊደሉ ኮምፒውተር ውስጥ መገኘት አለበት። እዚያ የምናገኛቸው እንደ ኖቶ፣ አቢሲኒካና ኒያላ ያሉ ፎንቶች ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ለንባብ የታሰቡ ስለሆኑ የአይስክሬም ቤት ስም ሲጻፍባቸው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ሰዎች ሁለት መንገድ ይሄዳሉ። አንደኛው የንባብ ፎንቱን ማወፈር፣ ማጣመምና ጥላ መጨመር ነው፤ ውጤቱ ደካማ ቢሆንም ቢያንስ ይነበባል። ሁለተኛው ተጫዋች የሆነ የላቲን ፎንት ፊት ለፊት አስቀምጦ ልማዱን ወደ ግዕዝ ፊደል መገልበጥ ነው። አደጋው ያለው እዚህ ነው፤ የዛሬው ንግግርም በአብዛኛው ስለዚህ ነው።

በላቲን ተጫዋች ፎንት የሚሠራ ሰው አንዱን እግር ያረዝማል፣ ሌላውን ያሳጥራል፣ ግርጌው ላይ ተረከዝ ይጨምራል። ፊደሉ አብዛኛውን ጊዜ ያው ራሱ ሆኖ ይቀራል። በኛ ፊደል ግን እነዚህ ሦስቱም አናባቢ ናቸው። በ ሁለት እኩል እግሮች አሉት። የቀኙ እግር ሲረዝም ባ፣ የግራው ሲረዝም ቦ ይሆናል፤ ሰ እና አም በዚሁ ሕግ ይሄዳሉ። ቡ እና ቢ የሚለያዩት ጭረቷ ባለችበት ቁመት ነው፤ አንዷ ወገብ ላይ፣ አንዷ ግርጌ ላይ። ቢ እና ቤ የሚለያዩት የግርጌው ጭረት ዞሮ በመዘጋቱ ነው። ታ እና ቲ ደግሞ ተረከዙ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ በመዞሩ ብቻ ይለያሉ። እንግዲህ ተ እንዲያምር ብላችሁ ግርጌው ላይ ተረከዝ ብታደርጉለት፣ ወደ ግራ ካዞራችሁት ታ ጻፋችሁ፣ ወደ ቀኝ ካዞራችሁት ቲ። በሁለቱም በኩል ካደረጋችሁት ደግሞ አንባቢው የቱን እንደሚያነብ አያውቅም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፦ ጨዋታው አናባቢው ከሌለበት ቦታ ይግባ። ራሱ ላይ፣ ውፍረቱ ላይ፣ የጭረቱ ጠርዝ ላይ፣ የሆዱ ክብነት ላይ፣ የፊደሉ ስፋት ላይ እንደልባችሁ ተጫወቱ። ሸ፣ ቸ፣ ኘና ዠ አናታቸው ላይ የደፉት ቆብ ለጨዋታ የተሰጠ ቦታ ነው፤ ሊዘም፣ ሊጎብጥ፣ ከራሱ ትንሽ ተነሥቶ ሊንሳፈፍ ይችላል። የእግር ርዝመት፣ የጭረት ቁመት፣ የተረከዝ አቅጣጫና የቀለበት መዘጋት ግን በጥብቅ ይያዙ። እንዲያውም ከንባብ ፎንት ይበልጥ ይጋነኑ፤ ምክንያቱም ዙሪያቸው ያለው ሁሉ እየተንቀሳቀሰ ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። ፎንት ሲሠራ ፊደሉ የሚሣልበት ሸራ ብዙ ጊዜ በ1000 አሃድ ይከፈላል። ፊደላችን 700 አሃድ ከፍታ፣ በ ደግሞ 500 አሃድ ስፋት አላት እንበል። በን 6 ዲግሪ ብታዘነብሏት የአንዱ እግር ጫፍ ከሌላው 52 አሃድ ከፍ ይላል። 10 ዲግሪ ላይ ልዩነቱ 87 ይሆናል፣ 15 ዲግሪ ላይ 129። ባ የምትለየው ደግሞ በእግር ልዩነት ነው። የባን ልዩነት 120 አሃድ ብቻ አድርጎ ፊደሎቹን እስከ 15 ዲግሪ ያዘነበለ ሰው በ፣ ባ እና ቦን አደባልቋል። ስለዚህ የራብዕና የሳብዕ (እንደ ባና ቦ ያሉት) የእግር ልዩነት ከ200 አሃድ አይነስ፣ ዘንበታውም ከ6 ዲግሪ አይለፍ። የዘንበታው አቅጣጫም ሊያግዘን ይችላል። ባ ወደ ቀኝ ስታዘነብል ረጅሙ የቀኝ እግሯ ይበልጥ ይወርዳል፤ ቦ ወደ ግራ ስታዘነብል እንዲሁ የግራው ይወርዳል። እነዚህን በየአቅጣጫቸው አዘንብሏቸው። እንደ በ ያሉትን ሁለት እኩል እግር ያላቸውን ግዕዞች (የመጀመሪያ ቅርጾች) ግን ከ3 ዲግሪ በላይ አትነካኳቸው።

ዘንበታ ሌላም ወጥመድ አለው። ወ ክብ ሆኖ መሐሉ ላይ ቁም ጭረት አለው፤ ፀ ክብ ሆኖ መሐሉ ላይ አግድም ጭረት አለው። ወ በተዘነበለ ቁጥር ወደ ፀ ይቀርባል። እነዚህን ሁለቱን ቀጥ አድርጋችሁ ጨዋታውን ወደ ክቡ ውሰዱት፤ ክቡ ዕንቁላል ይሁን፣ አንድ ጎኑ ይወፍር።

ፊደሎቹ ከመቆሚያው መስመር ከፍ ዝቅ ማለታቸውን በተመለከተ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 40 አሃድ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ፊደሉን ከነጭረቱ ማንሳት ሲገባ ፊደሉ ተነሥቶ ጭረቱ በቀድሞ ቁመቱ ሲቀር ነው። የቡ ጭረት የምትለካው ከራሷ ከቡ እግር እንጂ ከመስመሩ አይደለም። ቡ ከፍ ብላ ጭረቷ ባለችበት ከቆየች ወደ ቢ ትጠጋለች።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ኤ4 ወረቀት ላይ 3 በ4፣ ማለትም 12 ሳጥኖች አስምሩ፤ እያንዳንዱ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፊደሉን 4.5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስጡት፣ ጫፉ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ማርከር ወይም ጠፍጣፋ ብሩሽ ያዙ። ይህ ውፍረት በፎንቱ ሸራ ላይ ወደ 125 አሃድ ይመጣል። ከዚህ በላይ ለማወፈር ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ጠ፣ ጨ እና ሐን ፈትኑ፤ ሦስት እግር ስላላቸው መጀመሪያ የሚደፈኑት እነሱ ናቸው። ሦስት እግር በ125 ሲባዛ 375፣ በመሐል ያሉት ሁለት ክፍተቶች በ110 ሲባዙ 220፤ ድምሩ 595። ስለዚህ ጠ ከ600 አሃድ ባነሰ ስፋት ውስጥ በዚህ ውፍረት አትገባም። መፍትሔው ጠን ማስፋት ወይም መካከለኛውን እግሯን ወደ 100 አሃድ ማቅጠን ነው። ዓይን የመካከለኛውን እግር መቅጠን አያስተውልም፣ የክፍተት መደፈንን ግን ያስተውላል።

ወረቀቱ ከ160 ግራም ያላነሰ ይሁን። ስስ ወረቀት የማርከሩን ቀለም ስለሚያሰፋው ጠርዙ ፀጉራም ይሆናል፤ ይህ ፀጉር ሲቃኝ በሺህ የሚቆጠር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። በእርሳስ የተሠራ ንድፍ ካላችሁ በካልክ ወረቀት ላይ መልሳችሁ በቀለም ጻፉት።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ ሀ ሁ ሂ እያሉ መሄድ አንመክርም። ከሳድስ ጀምሩ። ን፣ ት፣ ም፣ ር፣ ል፣ ው፣ ስ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ በብዛት የሚመጡ ናቸው፤ ቅርጻቸውም ወጥ ሕግ ስለሌለው የፎንቱ ጠባይ የሚወሰነው እዚያ ነው። የር ጎበጥ ማለት፣ የም ጅራት፣ የት ቀለበት እንዴት እንደሚሣሉ ከተስማማችሁ ሌላው ይከተላል። ቀጥሎ ግዕዙን ሁሉ ጨርሱ። ከዚያ በየረድፉ ሳይሆን በየዓምዱ ሂዱ፦ ካዕቡን ሁሉ በአንድ ተቀምጦ፣ ሣልሱን ሁሉ በአንድ ተቀምጦ። እጃችሁ የጭረቷን ቁመትና ርዝመት ስለሚለምድ ቡ፣ ሱ፣ ሉ፣ ኩ አንድ ቤተሰብ ሆነው ይወጣሉ። ኃምስ ላይ ስትደርሱ ቀለበቱን አንድ ጊዜ ሥላችሁ 34 ቦታ አትለጥፉ። ቢያንስ ሦስት ቀለበት ሣሉና አፈራርቋቸው። ውስጠኛው ቀዳዳ ከ60 አሃድ ካነሰ ግን በአነስተኛ ኅትመት ይደፈንና ቤ ቢ ይሆናል።

ስንት ቅርጽ ያስፈልጋል? ቨን ጨምሮ 34 ፊደሎች በ7 ሲባዙ 238 ይመጣሉ። በዚህ ላይ እንደ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ሟ፣ ሏ፣ ሯ ያሉት ዲቃላዎች፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፣ እንዲሁም የግዕዝ ቁጥሮችና የተለመዱት ቁጥሮች አሉ። ወደ 300 ይጠጋል። ሥራ ለማሳጠር ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን መተው ያጓጓል፤ ድምፃቸው ሌላ ቦታ አለና። አትተዉ። የሰውና የቦታ ስም ያለ እነሱ አይጻፍም፤ ሐረር ራሷ በሐ ትጻፋለች። ፎንቱ ውስጥ ያልተሣለ ፊደል ሲመጣ ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ይሞላል። ያኔ ተጫዋቹ ጽሑፍ መሐል አንዲት ሐ ቀጥ ብላ፣ ቀጭን ሆና ብቻዋን ትቆማለች። ብዙ ባነሮች ላይ የምታዩት ያ እንግዳ ፊደል ምክንያቱ ይህ ነው።

ሥዕሉን በ600 ዲፒአይ ቃኙ። 4.5 ሴንቲ ሜትር ፊደል ከ1000 ፒክስል በላይ ይሆናል፣ ይህም ይበቃል። በጄፔግ አታስቀምጡት፤ ጄፔግ ጠርዝ ዙሪያ ጉድፍ ይፈጥራል። ፒኤንጂ ወይም ቲፍ ይሁን። ከዚያ ኢንክስኬፕ ውስጥ ወደ ቬክተር ይቀየራል፤ ጥቃቅን ጉድፎችን የሚያስወግደውን መቆጣጠሪያ ከፍ አድርጉት። ውጤቱን ነጥቦቹን አሳይታችሁ ተመልከቱ። ለስላሳ ጠርዝ ያለው ፊደል ከ40 ነጥብ ባልበለጠ ይገለጻል። የደረቀ ብሩሽ ፍንጣቂ እንዲታይበት የምትፈልጉት ቅርጽ እስከ 200 ቢደርስ ይታገሡታል። 1000 ነጥብ ያለው ፊደል ግን ፕሮግራሙን ያዘገያል፤ ስቲከር መቁረጫው ላይ ሲደርስ ደግሞ ምላጩ በየጥርሱ ይንቀጠቀጥና ስቲከሩን ይቀዳድደዋል።

ፎንት መሥሪያው ፕሮግራም ፎንትፎርጅ ነፃ ስለሆነ ለመጀመሪያ ሥራ እሱን እንመክራለን። ፊደሎቹን በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ቦታቸው ላይ አስቀምጡ። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ አለ። በ16 ቤት አቆጣጠር ሀ 1200፣ ለ 1208፣ ሐ 1210፣ መ 1218 እያለ ለአንድ ረድፍ 8 ቦታ ተሰጥቷል። 7ቱ ለሰባቱ ቅርጾች ናቸው፤ 8ኛው ባብዛኛው ረድፍ እንደ ሏና ሟ ላሉት ነው። ከዩኒኮድ በፊት እንደነበሩት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አታስቀምጡ። ፋይሉ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል፤ ደንበኛውም ከስልኩ የላከላችሁን ጽሑፍ ገልብጣችሁ መለጠፍ አትችሉም። እያንዳንዱን ቅርጽ ካስገባችሁ በኋላ አራት ነገር አድርጉ፦ የተደራረቡ ጭረቶችን አዋህዱ፣ በኩርባው ጫፎች ላይ ነጥብ ጨምሩ፣ ትርፍ ነጥብ ቀንሱ፣ የመስመሩን አቅጣጫ አስተካክሉ። የመጨረሻው ከተረሳ የመ ሁለት ቀዳዳዎች ተደፍነው ጥቁር ሆነው ይታተማሉ።

ለጎን ክፍተት ከ30 እስከ 50 አሃድ ጥሩ መነሻ ነው፤ የርዕስ ፎንት ጠበቅ ማለት ይችላል። ከዚያ ጥንዶችን ማስተካከል አለ። ከ300 ቅርጽ የሚወጣውን ጥንድ አንድ በአንድ ለማስተካከል አትሞክሩ። በቀኝ ጎናቸው መድቧቸው፦ ካዕቦች ወገባቸው ላይ ጭረት ስላለ አንድ ክፍል፣ ሣልሶችና ኃምሶች ግርጌያቸው ስለሚወጣ ሌላ ክፍል፣ እንደ ገ ያሉ ከታች በቀኝ ባዶ የሚተዉ ሌላ ክፍል። ገ ቀጥሎት የሚመጣውን ፊደል ወደ ውስጥ ካልሳባችሁት ቃሉ መሐል ቀዳዳ ያለ ይመስላል። የሣልስ ጭረት ደግሞ የሚቀጥለውን እግር እንዳይነካ፤ ከነካ አዲስ ፊደል ይወለዳል።

ጽሑፉ ፎንት እንጂ በቀጥታ በእጅ የተጻፈ አለመሆኑን የሚያጋልጠው ነገር አንድ ቅርጽ አጠገብ ላጠገብ ሁለት ጊዜ ሲመጣ ነው። ማንም ሰው በእጁ ሁለት ጊዜ ሲጽፍ ፍጹም አንድ ዓይነት አያወጣም። በአማርኛ ትልልቅ፣ የየራሱ፣ በበጋ፣ ተተኪ የሚሉት ቃላት እንዲህ ናቸው። ጥብቀት (የፊደል ድምፅ ጠብቆ መነበብ) ስለማይጻፍ የኛ ችግር ቀላል ነው፤ በጣም ለሚደጋገሙት አሥርና አሥራ ሁለት ፊደሎች አንድ አንድ ተለዋጭ ብትሥሉ ልዩነቱ ይታያል። ተለዋጩ ፎንቱ ውስጥ ባለ ሕግ ይገባል፦ ይህ ቅርጽ ከፊቱ ወይም አንድ ፊደል አልፎ ራሱ ካለ ሁለተኛው በተለዋጩ ይተካ። የድረ ገጽ ማሰሻዎች ይህን ሕግ በራሳቸው ይተገብራሉ። ማይክሮሶፍት ዎርድ ግን አይተገብርም፤ የፎንት መስኮቱን ከፍቶ አድቫንስድ የሚለው ገጽ ላይ ማብራት ይጠይቃል። የጥንድ ክፍተት ማስተካከያውም እዚያው ጠፍቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ደንበኛ «ፎንቱ ተበላሸ» ብሎ ሲደውል መጀመሪያ ይህን ጠይቁት።

ይህ ጉዳይ ድሬዳዋ ላይ ከአማርኛው ይልቅ በላቲኑ በኩል ይከብዳል። እዚህ ከተማ ታፔላ በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት ነው። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ይጻፋል፤ ሶማሊኛ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላቲን ነው፤ ሐረር ስትሄዱ ሐረሪ በግዕዝ ፊደል አለ። ሁለቱም የላቲን ጽሕፈቶች ረጅም አናባቢን ሁለት ጊዜ በመጻፍ ያሳያሉ፤ ጥብቀትም እንዲሁ ይጻፋል። የድሬዳዋን ስም በአፋን ኦሮሞ (Dirree Dhawaa) ብትጽፉ ሦስት ጥንድ ታገኛላችሁ፦ አር ሁለት ጊዜ፣ ወዲያው ኢ ሁለት ጊዜ፣ መጨረሻው ላይ ኤ ሁለት ጊዜ። በአንድ የከተማ ስም ሦስት መንትያ! ስለዚህ ለአምስቱ አናባቢዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ተለዋጭ፣ ለተነባቢዎቹ አንድ አንድ ተለዋጭ ሣሉ። በአፋን ኦሮሞ ሁዳ የሚባለው፣ በሶማሊኛም ያለው ከላይ የምትንጠለጠል ጭረት (') የፊደሉ አካል ነው፤ ጌጥ ብላችሁ አትዝለሉት። ቀጥ ያለውንም ጎበጥ ያለውንም ሣሉ፤ ስልኮች አንዳንዴ አንዱን፣ አንዳንዴ ሌላውን ያስገባሉና።

የከፍታ ጉዳይም አለ። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ የለውም። ከላቲኑ ትልቅ ፊደል ጋር እኩል ካደረጋችሁት ገዝፎ ይታያል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቅርጽ ሙሉ ቁመቱን ይዞ ስለሚቆም። የላቲኑን ትልቅ ፊደል 720፣ አማርኛውን 680 ብታደርጉ ይመጣጠናሉ። ለተጫዋች ታፔላ ላቲኑን በሙሉ በትልቁ ፊደል መጻፍ ይሻላል፤ የሁለቱ ጽሕፈቶች መስመር ያኔ አብሮ ይሄዳል።

ፎንቱ ተሠርቶ አለቀ እንበል። መጀመሪያ የት ቦታ እንደማይገባ እንተማመን። የመድኃኒት አወሳሰድ፣ የውል ጽሑፍ፣ የሐዘን ማስታወቂያ፣ ከሁለት መስመር የሚረዝም ማናቸውም ጽሑፍ በዚህ ፎንት አይጻፍም። ስልክ ቁጥርም እንዲሁ። 6 እና 9፣ 1 እና 7 ሲዘነባበሉ ይምታታሉ፣ አንድ አኃዝ የተሳሳተ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይደውልም። ስሙን በተጫዋቹ ጻፉና 025 ብሎ የሚጀምረውን ቁጥር ከታች በቀጥታ የንባብ ፎንት አስቀምጡት።

መጠኑን በርቀት ለኩ። የታፔላ ሙያ ለላቲን የሚጠቀምበት ልማድ በየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነው። የኛ ፊደል በጥቃቅን ጭረት ስለሚለያይ ሩቡን ጨምሩበት። ባጃጅን 10 ሜትር ተከትሎ የሚመጣ አሽከርካሪ እንዲያነብ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ 30 ሜትር ከሚሆን ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ ከ31 ሴንቲ ሜትር በላይ ማለት ነው። የባጃጁ መስታወት ጠባብ ስለሆነ ይህ በራሱ የቃሉን ርዝመት ይወስናል፤ አራት አምስት ፊደል ከሆነ ያምራል፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከሆነ ማንም አያነበውም።

ስቲከር ላይ ጠላታችን ሙቀትና አቧራ ነው። ሙጫው በሙቀት ይላላል፣ አቧራ ከጠርዙ ሥር ይገባል፣ መጀመሪያ የሚላጠው ቀጭኑና ሹሉ ክፍል ነው። ቀጭኑ ክፍል ደግሞ የትኛው እንደሆነ አስቡ፤ የቡ ጭረት፣ የቢ ጭረት፣ የቤ ቀለበት። ሲላጡ ሁሉም በ ይሆናሉ። የሱቁ ስም በአንድ በጋ ውስጥ ይለወጣል። ስለዚህ የአናባቢው ጭረት ከእግሩ ውፍረት ከ80 በመቶ አይነስ፣ ከእግሩ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ክብ ይሁን፣ ጫፉም ክብ ይሁን፤ ሲቆረጥ ደግሞ ማንኛውም ጭረት ከ3 ሚሊ ሜትር አይቅጠን። ከመለጠፉ በፊት መስታወቱ በአልኮል ይጽዳ፣ ሥራውም ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋት ይሠራ።

ባነር ላይ ፀሐይዋ ቀለሙን ትበላለች፤ ቀድመው የሚደበዝዙት ቢጫውና ቀዩ ናቸው፣ ጥቁሩ ይቆያል። እንዲደምቅ ብለው የአናባቢውን ጭረት ብቻ በቢጫ ወይም በቀይ የሚቀቡ አሉ። ሲታተም ያምራል፤ ከወራት በኋላ ጭረቱ ይጠፋና ፊደሉ ግዕዝ ሆኖ ይቀራል። ጭረቱ እንደ እግሩ በአንድ ቀለም ይሁን። ቀለም ማብዛት ከፈለጋችሁ ሆዱን ሙሉ፣ ዙሪያውን በጥቁር ክበቡት። ከውስጥ ብርሃን ለሚበራበት ሳጥን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በጨለማ ነጭ ፊደል ብርሃኑ እየፈሰሰ ስለሚወፍር ጭረቱን ቀጠን፣ ክፍተቱን ሰፋ አድርጉት። የጎን ክፍተቱ ላይ ከ20 እስከ 30 አሃድ መጨመር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ግድግዳ ላይ በብሩሽ የምትጽፉ ሰዎች ፎንቱ ሥራችሁን የሚወስድ አይምሰላችሁ፤ ልኬቱን ብቻ ያቀልላችኋል። ጽሑፉን በልኩ ወረቀት ላይ አትሙ፣ ዙሪያውን በየ5 ሚሊ ሜትሩ በመርፌ ብሱ፣ ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ በጨርቅ የተቋጠረ የከሰል ዱቄት መታ መታ አድርጉበት። ወረቀቱ ሲነሣ ነጠብጣቡ ይቀራል፤ ብሩሻችሁ እሱን ይከተላል፣ የእጃችሁ ጠባይም እላዩ ላይ ይገባል። ይህ ዘዴ አንድን ስም በሦስት ቅርንጫፍ በር ላይ አንድ ዓይነት ለመጻፍ የሚመች ነው። ቆርቆሮ ላይ ግን አይሠራም። የቆርቆሮው ሸንተረር እንደ እግሮቹ ቁም ስለሆነ አንዱ እግር ሸለቆ ውስጥ ይገባና ከጎን ሲታይ ይጠፋል፤ ያጠረ ይመስላል፣ ያጠረ እግር ደግሞ ምን እንደሚሆን አይተናል። ጠፍጣፋ ላሜራ ደርቡበት። በኖራ የተቀባ ግድግዳም የዘይት ቀለም አይዝም፤ ኖራው ሲፈረፈር ፊደሉን ይዞ ይወርዳል። ሐረር ላይ ይህ ይበልጥ ይጠበቅ። ጀጎል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ያለ ነው፤ ግንቡ ላይ በቀጥታ አይጻፍም። በሱቁ በር ላይ የሚንጠለጠል የእንጨት ወይም የላሜራ ሰሌዳ ለዓይንም ለቅርሱም ይሻላል።

ፎንቱን ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ገጽ የሙከራ ጽሑፍ አትሙ። በየስማቸው የምታውቋቸውን ቦታዎች ጻፉ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን፣ ለገሃር፣ ደቻቱ፣ ሐረር፣ ጀጎል። ከነሱ ቀጥሎ አደገኞቹን ጥንዶች ደርድሩ፦ በ ባ ቦ፣ ቡ ቢ ቤ፣ ተ ታ ቲ፣ ሰ ሳ ሶ፣ ወ ፀ ዐ፣ ጠ ጨ። ቃል ሳታደርጉ ፊደል ብቻ አድርጓቸው፤ ቃል ከሆነ አንባቢው ከልምዱ ይገምታልና ስሕተቱን ይሸፍንላችኋል። ገጹን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ፎንቱን አይቶ የማያውቅ ሰው በ5 ሜትር ርቀት ቆሞ ጮክ ብሎ ያንብብ። የተደናቀፈበትን ፊደል ምልክት አድርጉ፣ ምክንያቱን አትንገሩት፣ ሌላ ሰው ጥሩ። ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ከተደናቀፉ ፊደሉ ይመለስና ይሣል።

ፋይሉን በኦቲኤፍ ወይም በቲቲኤፍ ስጡ፣ ለድረ ገጽ ደግሞ ዎፍ2 ጨምሩ። የስሪት ቁጥር ይኑረው፤ የተስተካከለውን ሐ ያልያዘ አሮጌ ፋይል በየኅትመት ቤቱ እንዳይቀር ብቸኛው መከላከያ እሱ ነው። ፈቃዱን በጽሑፍ አያይዙ። ነፃ ልታደርጉት ከፈለጋችሁ ኦፕን ፎንት ላይሰንስ የሚባለው ለዚህ የተዘጋጀ ነው፤ ማንም ለንግድም ሥራ ይጠቀምበታል፣ ያሻሽለዋል፣ ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ግን አይችልም። የፊደሉ ቅርጽ ከአንድ ታፔላ ጸሐፊ እጅ የተወሰደ ከሆነ ፈቃዱን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ክፍያውን ተስማሙ፣ ስሙም ፋይሉ ውስጥ ሠሪው ተብሎ ይግባ። ፎንትፎርጅ ለዚህ የተለየ ሳጥን አለው።